አሮጌ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ ሚንት አጫጫን፦ ፋይል ከማዳን እስከ አማርኛ መጻፍ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780፣ 790 እና 7010፣ እንደ ኤችፒ ኮምፓክ 8200 ኤሊት፣ እንደ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም81 ያሉት የቢሮ ማሽኖች ይህን አያሟሉም። አያሟሉም ማለት ግን ሞተዋል ማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከኮምቦልቻና ከደሴ እስከ ወልዲያና ቆቦ ብዙ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሩን አጥቷል። እንዲህ ባለ አካባቢ የሚነሣ ማሽን «አርጅቷል» ተብሎ ንብረት ክፍል መጋዘን ውስጥ ሲደረደር ማየት ያሳዝናል። ትንሽ ራም ተጨምሮለት፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነፃ ስርዓት ቢጫንበት ደብዳቤ መጻፉን፣ ሠንጠረዥ መሥራቱን፣ ኢሜይልና ቴሌግራም መክፈቱን፣ ማተሙን ገና ለዓመታት ይችላል።

መጫኑ ራሱ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ጥፋቱ የሚመጣው ከዚያ በፊት ነው፦ ፋይል ሳይወጣ ዲስኩ ይጠረጋል፣ ፕሪንተሩ ሳይሞከር ማሽኑ ይቀየራል፣ የድሮው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በቅድሚያ ሥራው ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን።

የማይነካው ማሽን

ሂሳብ ክፍል ውስጥ ፒችትሪ የሚሠራበትን ኮምፒዩተር አትንኩ። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። «በሊኑክስም እናስኬደዋለን» የሚል ሰው ቢመጣ እንኳ፣ ደመወዝ በሚሠራበት ሰሞን ቢወድቅ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ የተገናኘበት፣ ማክሮ ያለው የኤክሴል ፋይል የሚሠራበት፣ ወይም ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ በዊንዶውስ ብቻ የሚከፈት ፕሮግራም ያለበት ማሽንም እንደዚሁ ይተው። ለጽሕፈት፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል የሚያገለግለው ግን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆን አለበት። ኮር 2 ዱኦ እና ከዚያ በኋላ የመጣ ኮር አይ3፣ አይ5፣ አይ7 ሁሉ 64 ቢት ነው። ከፔንቲየም 4 ውስጥ ግን ያልሆነም አለ። የሚንት 22 አነስተኛ መስፈርት 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ዲስክ ነው። በ2 ጊጋ ይነሣል፤ ብሮውዘር ከፍታችሁ ሦስተኛውን ገጽ ስትጨምሩ ግን መንቀርፈፍ ይጀምራል። ትክክለኛው መነሻ 4 ጊጋ ነው፤ 8 ከተገኘ ማሽኑ ሌላ ማሽን ይሆናል።

ማዘጋጀት ያለባችሁ

ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ፣ ውስጡ ቢጠፋ የማይቆጭ ፍላሽ። ለፋይል ማስቀመጫ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ። ዊንዶውስና ኢንተርኔት ያለው ሌላ ኮምፒዩተር። የስልክ ዩኤስቢ ገመድ (ገመዱ ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ አለ)። ባለመስቀል ጠመንጃ መፍቻ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ነጭ ላጲስ። ሲአር 2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ደግሞ ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ይገኛል።

ራም ስትገዙ የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ «ዲዲአር 3» ብላችሁ ብቻ ብትጠይቁ የላፕቶፑን አጭር ራም ልትቀበሉ ትችላላችሁ። የዴስክቶፑ ረጅም ነው፣ 240 የብረት ጥርስ አለው። ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 በቁመት እኩል ናቸው፤ መሐል ላይ ያለችው ቁርጥ ግን ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። አልገባም ብሎ መጫን ማዘርቦርዱን መስበር ነው።

ገንዘብ ካለ ከራም ቀጥሎ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን የፋይል ማስቀመጫ) ይገዛ። ባለ 120 ወይም 240 ጊጋባይት የሳታ ኤስኤስዲ በድሮው ሃርድ ዲስክ ገመድ ላይ ቀጥታ ይሰካል። መያዣ ብረት ባይኖረው ችግር የለም፤ ቀላል ስለሆነና ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በጠንካራ ባለሁለት ወገን ፕላስተር ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ማጣበቅ ይበቃል። የድሮው ዲስክም ከነፋይሉ ሳይነካ ስለሚቀመጥ፣ ከሁሉም የተሻለ መጠባበቂያ እሱ ነው።

ሳጥኑን መክፈት

ብዙ ሰው «ሲፒዩ» የሚለውን ሳጥን ከመክፈታችሁ በፊት የኃይል ገመዱን ንቀሉ። ከዚያ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑት፣ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ነካ አድርጉ። አቧራውን ውጭ አውጥታችሁ በብሩሽ አራግፉ፤ በንፋስ ማሽን የምታጸዱ ከሆነ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ በንፋሱ ኃይል ከተሽከረከረ ይበላሻል። ማሽኑ ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ ችግሩ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ብረት (ሂትሲንክ) አውርዳችሁ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታ ጥረጉና የስንዴ ፍሬ የምታህል አዲስ ፓስታ መሐል ላይ አድርጉ።

የራሙን የብረት ጥርሶች በላጲስ አሹና ፍርፋሪውን በደረቅ ጨርቅ አንሡ። ስትመልሱት ሁለቱ ጆሮዎች «ቀጭ» ብለው ራሳቸው እስኪዘጉ ተጫኑት። ስታበሩት ደጋግሞ ቢጮህና ስክሪኑ ጥቁር ቢሆን ራሙ በደንብ አልገባም ማለት ነው፤ አብሽሩ፣ አውጥታችሁ መልሱት።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ፤ አሥር ዓመት ላለፈው ማሽን ጥርጥር የለውም፣ አልቃለች። ባትሪዋ ስትወጣ የባዮሱ (ማሽኑ እንደበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ቅንብር ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ ቀኑንም ትሞላላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ባዮስ የሚፈልገው የፈረንጅ ቀን ነው። 2018 ብላችሁ የእኛን ዓመት ከሞላችሁ ኮምፒዩተሩ ዓመታት ወደ ኋላ ይቀራል። ያን ጊዜ ብሮውዘሩ ድረ ገጽ ሁሉ «ደኅንነቱ አልተረጋገጠም» ይላል፣ ሚንትም ማሻሻያ አልቀበልም ይላል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ለእሱ 9 ነው።

ፍላሹን ማዘጋጀት

ከሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ላይ የ22 ተከታታይ እትም፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን አውርዱ። ሦስት ዓይነት አለ፤ ሲናሞን ያማረ ግን የከበደ ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ ለአሮጌ ማሽን ይቀላል። የ22 ተከታታይ እትም ማሻሻያ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል ድረስ ይመጣለታል። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። ኢንተርኔት የሚቆራረጥ ከሆነ በቶረንት አውርዱት፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የወረደውንም ራሱ እያጣራ ነው የሚሄደው።

በቀጥታ ካወረዳችሁት ግን ሳታጣሩ አትጠቀሙበት። ሩፈስ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ክፈቱ፣ ፋይሉን ምረጡ፣ ከመምረጫው አጠገብ ያለችውን የራይት ምልክት ንኩ። ሻ 256 የሚለው ባለ 64 ፊደልና ቁጥር ኮድ ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ ፋይሉ ጎድሏል። ጎደሎ ፋይል ፍላሽ ላይ ይጻፋል፣ ማሽኑንም ያስነሣል። የሚቆመው ዲስኩ ከተጠረገ በኋላ፣ መጫኑ መሐል ላይ ነው፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ሩፈስ ላይ የፓርቲሽን ዓይነቱን ኤምቢአር አድርጉ፤ ለአሮጌውም ለአዲሱም ባዮስ ይሠራል። ስታርት ስትሉ «አይኤስኦ ሞድ ወይስ ዲዲ ሞድ» ብሎ ይጠይቃል፣ መጀመሪያ አይኤስኦን ምረጡ። ተጨማሪ ፋይል ላውርድ ካለ ፍቀዱለት። በዚህ የተሠራው ፍላሽ ማሽኑን ካላስነሣ በዲዲ ሞድ ድገሙት። በዲዲ የተሠራ ፍላሽ በኋላ ዊንዶውስ ላይ መጠኑ አንሶ ቢታይ አልተበላሸም፤ በሩፈስ መልሳችሁ ፎርማት ስታደርጉት ይስተካከላል።

ባዮስ ውስጥ

ባዮስ ለመግባት ማሽኑ እንደበራ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ 1 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ከፍላሽ ለማስነሣት ደግሞ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው።

ሴኪዩር ቡት ካለ አጥፉት። የሳታው አሠራር «ሬይድ» ላይ ከሆነ «ኤኤችሲአይ» አድርጉት፤ አለበለዚያ መጫኛው ዲስኩን ላያገኘው ይችላል። ይህን ስትቀይሩ የነበረው ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ሊቆም ይችላል፣ ስለዚህ ዊንዶውሱ ገና የሚያስፈልግ ከሆነ ለጊዜው ተዉት። ዴል ላይ «ኤሲ ሪከቨሪ»፣ ኤችፒ ላይ «አፍተር ፓወር ሎስ» የሚለውን «ኦፍ» አድርጉ። መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ቀን ማሽኑ አብሮ እየበራ እየጠፋ ፓወር ሰፕላዩ እንዳይቃጠል የሚያደርገው ይህች ቅንብር ናት።

ባዮሱን ራሱን ማሻሻል ግን ይቅርባችሁ። ያለ ዩፒኤስ ጀምራችሁት መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግመኛ አይነሣም።

ሳትጭኑ ሞክሩት

ፍላሹ ሲነሣ ሚንት ሳይጫን ይከፈታል፣ ዲስኩንም አይነካም። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ሪስታርት አድርጉና ከዝርዝሩ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ምረጡ።

ቢያንስ ሩብ ሰዓት እዚህ ላይ አሳልፉ። ድምፅ ይሰማል? ኔትወርክ ገመዱ ሲሰካ ይገናኛል? የዋይፋይ ካርድ ከሌለው ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ የስልኩን ኢንተርኔት የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ፤ ምንም ሳይጫን ወዲያው ይገናኛል። ከዚያ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱና ሃርድ ዲስኩን መርጣችሁ «ስማርት ዳታ» የሚለውን እዩ። «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ አትጫኑ፤ ፋይሉን ቶሎ አውጥታችሁ ቀይሩት።

ፕሪንተሩን ደግሞ ሰክታችሁ አንድ ገጽ አትሙ። ኤፕሰን ኤል ተከታታይ ብዙ አያስቸግርም። ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 እና ፒ1102 ይታወቃሉ፣ ነገር ግን ኤችፒ የሚሰጠው ተጨማሪ ፕለጊን ከኢንተርኔት እስኪወርድ አያትሙም፤ «ኤችፒሊፕ» የሚባለው መሣሪያ ራሱ ያወርደዋል። ካኖን ኤልቢፒ 2900 ከሆነ ግን ጊዜ ይበላል። ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያግባባው ካፕት የሚባለው ፕሮግራም (ድራይቨር) ያረጀ ነው፣ አንዱ ማሽን ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ እንቢ ይላል። ቢሮው ያለው ፕሪንተር ይኸው ብቻ ከሆነ እሱ የተሰካበትን አንድ ኮምፒዩተር በዊንዶውስ ማቆየት ይሻላል።

ፋይሉን ማውጣት

ዊንዶውሱ መነሣት ቢያቅተው እንኳ ፋይሉ ከዚሁ ከፍላሹ ሊወጣ ይችላል። የፋይል ማስሻውን ክፈቱ፣ በግራ በኩል የዊንዶውሱን ዲስክ ንኩ፣ «ዩዘርስ» ውስጥ ግቡ። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ዲ ድራይቭ ላይ በራሳቸው ስም ፎልደር ከፍተው ያስቀምጣሉ፤ ሲ ላይ ሥሩ ጋ የተቀመጠም አለ። ተጠቃሚዋን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ትናንት የጻፍሽውን አሳዪኝ፣ ያምናውን ዓመታዊ ሪፖርት አሳዪኝ» በሉ። እሷ ያላሳየችውን እናንተ አታገኙትም።

ቀጥሎ ዊንዶውስ ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ቅዱት። ይህን የምንለው ለማስዋብ አይደለም። ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች፣ ስማቸው በቪጂ2 በሚጀምረው ዓይነት የተጻፉ ደብዳቤዎች ዛሬም በየመዝገብ ቤቱ አሉ። እነዚህ ፋይሎች ውስጣቸው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ግዕዝ የሚያስመስላቸው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከጠፋ የአሥር ዓመት ደብዳቤ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይከፈታል፤ ሰውም «ሊኑክስ ፋይሌን አበላሸው» ይላል። ሚንት ከተጫነ በኋላ የቀዳችሁትን ፎንት ድርብ ክሊክ አድርጋችሁ «ኢንስቶል» ስትሉት ደብዳቤው እንደነበረ ይመለሳል። በኒያላ ወይም በፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ የተጻፈው ግን ፎንቱ ባይኖርም ይነበባል፤ የገጽ አሰላለፉ ብቻ ይዛነፋል።

ቢሮው ውስጥ ኔትወርክ ካለ የአይፒ ቁጥሩን፣ ሰብኔቱን፣ ጌትዌዩንና ዲኤንኤሱን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። በመጨረሻ የቀዳችሁትን ዲስክ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክታችሁ አምስት ስድስት ፋይል ክፈቱ። ስሙ ታየ ማለት ይከፈታል ማለት አይደለም።

መጫን

ኮምፒዩተሩንና ስክሪኑን ዩፒኤስ ላይ አድርጉ፤ ከሌለ ዝናብና መብረቅ የሌለበትን ሰዓት ምረጡ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ አይበላሽም፤ ከፍላሹ አስነሥታችሁ ከመጀመሪያው መድገም ነው።

1. ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዲስክ ካለ፣ ፋይል ያለበትን የሳታ ገመዱን ንቀሉ። የተነቀለ ዲስክ በስሕተት አይጠረግም።
2. ዴስክቶፑ ላይ ያለውን «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» ክፈቱ። ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ኪቦርዱም እንግሊዝኛ ዩኤስ ይሁን። እዚህ አማርኛ ኪቦርድ ከመረጣችሁ ፓስዎርዱ ባላሰባችሁት ፊደል ተጽፎ በኋላ መግባት ያቅታችኋል። አማርኛው በኋላ ይመጣል።
3. የመልቲሚዲያ ኮዴክ ልጫን ወይ ሲል ኢንተርኔት ካለ ምልክት አድርጉበት፤ ከሌለ እለፉት።
4. «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን ምረጡ። በዚህች ቁልፍ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከመቀጠላችሁ በፊት የሚታየውን የዲስክ መጠን አንብቡ፤ 250 ጊጋ ሲጠበቅ 1 ቴራ ካለ ያያችሁት ውጫዊው ዲስክ ነው፣ ወደ ኋላ ተመለሱ።
5. ካርታው ላይ አዲስ አበባን ምረጡ።
6. የተጠቃሚ ስም በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት። ለኮምፒዩተሩ የክፍሉን ስም ወይም የንብረት ቁጥሩን ስጡት። ፋይል የሚያመሰጥረውን ምርጫ አትንኩ፤ ፓስዎርዱ ቢረሳ ማንም አይከፍተውም።
7. ሲጨርስ «ሪስታርት» በሉ፣ ፍላሹን አውጡ ሲላችሁ አውጥታችሁ ኢንተር ተጫኑ።

ዊንዶውስንና ሚንትን አንድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ለቢሮ ግን አንመክርም። ሁለቱ የማሽኑን ሰዓት የሚያነቡት በተለያየ መንገድ ስለሆነ፣ ከሚንት ወደ ዊንዶውስ ሲኬድ ሰዓቱ ልክ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሠራተኛውም ሁለት ቦታ ፋይል እያስቀመጠ የቱ ጋ እንዳለ ይጠፋዋል።

ተጭኖ ካለቀና ሪስታርት ካደረገ በኋላ «ቡት የሚያደርግ ዲስክ የለም» ቢል ከአሮጌ ኤችፒ ማሽኖች የሚጠበቅ ነው። አንዳንዶቹ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ የባዮስ አሠራራቸው ዊንዶውስን ብቻ ይፈልጋል። ባዮሱን «ሌጋሲ» (የድሮው አሠራር) አድርጉ፣ ፍላሹንም በሌጋሲ አስነሡና እንደገና ጫኑ።

የመጀመሪያው ሰዓት

አፕዴት ማኔጀርን ክፈቱና ሁሉንም አድሱ። የመጀመሪያው እድሳት ብዙ መቶ ሜጋባይት ይወስዳል፤ ማሽኑ ኢንተርኔት ወደሌለበት ወረዳ፣ ለምሳሌ ወደ ደላንታ ወይም ወረኢሉ የሚሄድ ከሆነ፣ ደሴ እያለ ይህን ጨርሱለት። ፕሮግራም ስትጨምሩ ሶፍትዌር ማኔጀሩ «ሲስተም ፓኬጅ» እና «ፍላትፓክ» የሚል ምርጫ ያሳያችኋል። ሲስተም ፓኬጁን ምረጡ፤ በፍላትፓክ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ብዙ መቶ ሜጋ ይዞ ይወርዳል።

ታይምሺፍት የሚባለው ፕሮግራም ስርዓቱ ቢበላሽ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ሁለት ቅጂ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ትንሽ ዲስክ ይሞላል። የሠራተኛውን ደብዳቤ ግን ካልታዘዘ አይጠብቅም፤ የፋይል መጠባበቂያ ለብቻው መያዝ አለበት።

በዎርድና በኤክሴል ፈንታ በሚሠራው ሊብሬኦፊስ ውስጥ «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሎድ ሴቭ»፣ «ጀነራል» ጋ ግቡና ሁለት ነገር ቀይሩ። ሰነዱ ሁልጊዜ በዎርድ ዓይነት እንዲቀመጥ አድርጉ፤ አለበለዚያ ለዞን የተላከው ሪፖርት «አልከፈት አለን» ተብሎ ይመለሳል። አውቶሪከቨሪውን ደግሞ በየ3 ደቂቃው አድርጉት፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጠፋው የሦስት ደቂቃ ጽሑፍ ብቻ ይሆናል።

አማርኛ መጻፍ

ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ «አይባስ ኤም17ኤን» (ibus-m17n) የሚለውን የአማርኛ መጻፊያ ፈልጋችሁ ጫኑ። ከዚያ ሜኑ ላይ «ኢንፑት ሜተድ» ክፈቱና አይባስን ምረጡ፤ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። «አይባስ ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ኢንፑት ሜተድ ላይ «አድ» በሉ፣ አማርኛን፣ ከሥሩም ሴራ (sera) የሚለውን የአጻጻፍ ዘዴ ጨምሩ። መቀያየሪያው የዊንዶውስ ምልክት ያላት ቁልፍ ከስፔስ ጋር ናት።

ሴራ በድምፅ ነው የሚጻፈው፣ ከፓወር ግዕዝ ለመጣ ሰው ግን ጥቂት ቁልፎች ይለያሉ። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብትመቱ «ሰላም» ይወጣል። ሸ የሚገኘው በኤክስና በኢ ነው። ጠ፣ ጸ፣ ጨ እና ኘ የሚመጡት ቲ፣ ኤስ፣ ሲ እና ኤን በሺፍት ትልቅ ሲሆኑ ነው። ሰው ቶሎ የማይለምዳት ኃምስ ናት፦ «ደሴ» ለመጻፍ ዲ፣ ትንሿ ኢ፣ ኤስ፣ ከዚያ ትልቋ ኢ። ትልቋን ከረሳችሁ «ደሰ» ይሆናል። አራት ነጥብ ሁለት ጊዜ ኮለን በመምታት ይመጣል። ፊደሉ በድንገት ሁሉ ከተለወጠባችሁ ካፕስ ሎክ በርቶ እንደሆነ እዩ። ይህችን አንቀጽ አትማችሁ ስክሪኑ ሥር ለጥፉላት፤ ጸሐፊዋ በሳምንት ውስጥ ሳታይ ትጽፋለች።

የፍላሽ ቫይረስ

ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ የሚያስቀረው ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው፤ ሚንት ላይ አይሠራም። ቫይረሱ ዊንዶውስ ላይ የደበቃቸው ፎልደሮች ሚንት ላይ እንደ ተራ ፎልደር ይታያሉ፤ ካልታዩ ኮንትሮልና ኤች አብራችሁ ተጫኑ። ትክክለኛውን ፎልደር ቅዱ፣ ሾርትከቶቹንና የማታውቋቸውን ትንንሽ የስክሪፕት ፋይሎች አጥፉ። ሚንቱ አልታመመም ብላችሁ ፍላሹን እንዳለ ብትመልሱ ቫይረሱ ቀጣዩን የዊንዶውስ ማሽን ያገኘዋል።

ማሽኑን ስታስረክቡ የተጠቃሚውን ስምና ፓስዎርዱን በወረቀት ጽፋችሁ፣ አሽጋችሁ ለክፍሉ ኃላፊ ስጡ። የተጠቀማችሁበትን የሚንት ፍላሽም ስሙን ጻፉበትና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት፤ ማሽኑ አንድ ቀን አልነሣ ሲል ፋይሉን የምታወጡት በዚሁ ፍላሽ ነው።